የአልፕስ ጉዞ ዕቅድ ከሹፌሩ ሰዓት ይጀምር

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

የአውሮፓ በጋ በተቃረበ ቁጥር ጀርመን ያሉ ማኅበራትና ሰበካ ጉባኤያት ለቤተሰብ የሚያዘጋጁት የአውቶቡስ ጉዞ ማስታወቂያ ይበዛል። ብዙዎቹ አንድ ዓይነት ናቸው፦ በሦስት ቀን የኖይሽቫንሽታይን ቤተ መንግሥት፣ ጋርሚሽ፣ ኢንስብሩክ፣ ሳልዝበርግ፣ ሃልሽታት፣ ኮኒግስዜ። ካርታ ላይ ሲታዩ ቦታዎቹ ተጠጋግተዋል፤ ሰዓቱ ሲሰላ ግን ፕሮግራሙ አይሆንም። ልጅና አዛውንት ይዞ የሚሄድ ሰው ገንዘብ ከመክፈሉ በፊት ይህን ቢያውቅ ይጠቅመዋል ብዬ ነው የምጽፈው። ሰዓቶቹን ሁሉ ያሰፈርኩት በአውሮፓ አቆጣጠር ነው። አዘጋጆችም ፕሮግራሙን በዚሁ ቢያትሙት ከአገር ቤት ለጥየቃ የመጡ እናትና አባት አውቶቡስ አያመልጣቸውም።

በአውሮፓ ኅብረት ደንብ ቁጥር 561/2006 መሠረት አንድ የአውቶቡስ ሹፌር በቀን ከ9 ሰዓት በላይ አይነዳም፤ 10 ሰዓት የሚፈቀድለት በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ነው። 4 ሰዓት ተኩል ከነዳ በኋላ 45 ደቂቃ ያርፋል። ፕሮግራም የሚያፈርሰው ግን ሌላው ድንጋጌ ነው፦ በየ24 ሰዓቱ 11 ሰዓት ተከታታይ ዕረፍት ይገባዋል። ሥራውን ከጀመረ በ13ኛው ሰዓት መጨረስ አለበት ማለት ነው። ዕረፍቱን ወደ 9 ሰዓት ማሳጠር ይቻላል፤ እሱም ቢሆን በሁለት ሳምንታዊ ዕረፍቶች መካከል ከሦስት ጊዜ አይበልጥም። ቆጠራው የሚጀምረው ሹፌሩ ሥራ ሲጀምር፣ ማለትም ገና ጋራዥ ሳለ ነው። ታኮግራፍ የሚባለው መሣሪያ ሁሉን ይመዘግባል፤ ፖሊስ መንገድ ላይ አስቁሞ ያነበዋል፤ ቅጣቱም ለሹፌሩም ለኩባንያውም ይተርፋል። "ትንሽ ጨምርልን" እያሉ መለመን የሰው እንጀራ ላይ መፍረድ ነው።

እስቲ ከፍራንክፈርት እናስላው። ሹፌሩ 04:30 ሥራ ይጀምራል፤ ሰው ተሳፍሮ 05:00 ይነሣል። ኖይሽቫንሽታይን አጠገብ እስካለችው ከተማ እስከ ፉሰን 420 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ለአውቶቡስ የተፈቀደው ከፍተኛ ፍጥነት 100 ነው፤ የመንገድ ጥገናና ዕረፍት ሲጨመር 11:30 ገደማ ይደርሳል። የሹፌሩ ቀን የሚያበቃው 17:30 ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ሌሊት ማደሪያ ከቤተ መንግሥቱ በአንድ ሰዓት ርቀት ውስጥ መሆን አለበት፦ ፉሰን፣ ሮይተ ወይም ጋርሚሽ። "የመጀመሪያው ቀን አዳር ኢንስብሩክ" የሚል ፕሮግራም በፈርን ማለፊያ በኩል ያልፋል፤ ያ መንገድ ደግሞ በበጋ ቅዳሜ ይዘጋጋል። ተሳፋሪው አንድ ሰዓት ቢዘገይ የሹፌሩ ሰዓት አይረዝምም፤ የሚቀነሰው ከጉብኝቱ ነው።

ኖይሽቫንሽታይንን ንጉሥ ሉድቪግ ዳግማዊ በ1869 ማስገንባት ጀመረ፤ በ1886 ሲሞት አላለቀም ነበር። ውስጡ የሚታየው ከአስጎብኚ ጋር ብቻ ነው፤ ትኬቱ ላይ የመግቢያ ሰዓት ተጽፏል፤ ያ ሰዓት ካለፈ ትኬቱ አይሠራም። ከ18 ዓመት በታች ያሉ በነጻ ይገባሉ፤ ሆኖም ለእነሱም ትኬት መያዝ አለበት፤ ብዙ አዘጋጅ ልጆቹን ሳይቆጥር ቀርቶ በር ላይ ይቸገራል። ከሆኤንሽቫንጋው መንደር እስከ በሩ የ30 ወይም 40 ደቂቃ ዳገት አለ። የፈረስ ጋሪም አነስተኛ አውቶቡስም አለ፤ አውቶቡሱ የሚያወርደው ግን ማርያም ድልድይ አጠገብ ነው፤ ከዚያ እስከ በሩ ሌላ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ቁልቁለት ይቀራል። የሕፃን ጋሪና ትልቅ ቦርሳ ወደ ውስጥ አይገባም፣ ውስጡም ደረጃ ይበዛዋል። በዚህ ምክንያት አውቶቡሱ ከሚደርስበት ሁለት ሰዓት በኋላ ያለውን ትኬት መግዛት ተገቢ ነው፤ ከላይ ባለው ስሌት 13:30 ማለት ነው። ጉልበታቸው ለዳገት ለማይመች አዛውንቶች ታች ያለው የአልፕዜ ሐይቅ ዳርቻ ይሻላቸዋል።

ሻንጣ በየሌሊቱ ከማሸግ ሁለት ማደሪያ መምረጥ ይበጃል፤ ለአምስት ቀን ጉዞ ሁለት ሌሊት ጋርሚሽ አካባቢ፣ ሁለት ሌሊት ሳልዝበርግ ወይም ቤርሽተስጋደን። ከጋርሚሽ ኢንስብሩክ 60 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው፤ ቫዮሊን የሚሠራባትን ሚተንቫልድን አልፎ በዚርለር በርግ ይወርዳል። እዚያ ቁልቁለቱ እስከ 16 ከመቶ ይደርሳል። ልጆች የሚያስመልሳቸው እዚህ ነውና የሚያስቸግራቸውን ወደ ፊት፣ ከጎማዎቹ መካከል ባለው ቦታ ማስቀመጥ፣ የኋላውን ወንበር ለጎረምሶች መተው፣ ስልክ እንዳያዩ ማድረግ። የማቅለሽለሽ መድኃኒት የሚሠራው አስቀድሞ ከተዋጠ ነው፤ ማስመለስ ከጀመረ አይረዳም። መጠኑን በልጁ ዕድሜ ፋርማሲስት ይንገር። የብዙ አውቶቡስ ቀበቶ ወገብ ላይ ብቻ የሚታሰር በመሆኑ ለመኪና የተገዛው የልጅ መቀመጫ ላይገጥም ይችላል፤ ኩባንያውን አስቀድሞ መጠየቅ ነው።

የጀርመን ከፍተኛው ተራራ ዙግሽፒትሰ 2,962 ሜትር ነው። ከአዲስ አበባ ለመጡ አዛውንቶች ከፍታው አያስደንቅም፤ እንጦጦ ይበልጠዋል። ፍራንክፈርት ያደጉ ልጆች ግን ከአይብዜ ሐይቅ ተነሥተው በኬብል ካር በ10 ደቂቃ 1,950 ሜትር ያህል ሽቅብ ሲወጡ ጆሮ ያማቸዋል፣ ራስ ምታትም ይሰማቸዋል፤ ጉንፋን የያዘው ልጅ ባይወጣ ይመረጣል። ሐምሌ ውስጥም ቢሆን ጫፉ ላይ ወፍራም ጃኬት ያስፈልጋል። የጫፉ ካሜራ በኢንተርኔት በቀጥታ ይታያልና ደመና ከሆነ ገንዘቡን አያውጡ፤ በዚያው ቀን ከጋርሚሽ የበረዶ ሸርተቴ ስታዲየም በእግር የሚደረሰው የፓርትናክ ሸለቆ ይበቃል።

የኦስትሪያዋን መንደር ሃልሽታትን ከአምስት ቀን ፕሮግራም ማውጣት አለብን ባይ ነኝ። ከሳልዝበርግ 75 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከ2020 ጀምሮ ማንኛውም የቱሪስት አውቶቡስ የመግቢያ ሰዓት አስቀድሞ መያዝና ቢያንስ ሁለት ሰዓት ተኩል መቆየት አለበት። ያ ቀን ለኮኒግስዜ ሐይቅ ቢሰጥ ለልጆች ይበልጥ የሚጠቅም ነው። ከ1909 ጀምሮ በኤሌክትሪክ የሚሄዱት ጀልባዎች በ35 ደቂቃ በቅዱስ በርተሎሜዎስ ስም ወደ ተሰየመው ቤተ ክርስቲያን ያደርሳሉ። ወደዚያ የመኪና መንገድ የለም፤ የመጨረሻው ጀልባ ካመለጠ አውቶቡስ ሊመጣ አይችልም፤ ስለዚህ የመመለሻ ሰዓቱን ለእያንዳንዱ ቤተሰብ በወረቀት ማደል ይገባል።

ነሐሴ ውስጥ ለሚሄዱ የፍልሰታ ጾም አለ፤ በአውሮፓ አቆጣጠር ከኦገስት 7 እስከ 21 ይውላል። የሆቴሎቹ ቁርስና እራት በቅቤ፣ በአይብና በእንቁላል የተሞላ ነው፤ ሥጋ የሌለበት የሚባለውም እንዲሁ። ክኖደል የሚባለው የዳቦ ድብልቅ እንኳ እንቁላል አለበት። "ቬጀቴሪያን" ብሎ ማዘዝ አይበቃም፤ "ቬጋን" ብሎ፣ የሰዉን ቁጥር ጠቅሶ፣ ከሁለት ሳምንት በፊት በጽሑፍ ማሳወቅ ያስፈልጋል። እሑድና ኦገስት 15 በኦስትሪያም በአብዛኛው ባቫሪያም ሱቅ ዝግ ነውና ውኃና ዳቦ በዋዜማው ይገዛ።

ከሁሉ የከፋው ጥፋት የሚሠራው ወረቀት ላይ ነው። ጀርመን ከ2015 ጀምሮ ከኦስትሪያ በሚያስገባው ድንበር ፍተሻ ታደርጋለች፤ አውቶቡስ ደግሞ ከማንም በላይ ይፈተሻል። ከኢንስብሩክ ወደ ሳልዝበርግ የሚሄድ ሰው ከኦስትሪያ ወደ ኦስትሪያ ስለሆነ ድንበር የለም ብሎ ያስባል፤ ፈጣኑ መንገድ ግን በኩፍሽታይንና በሮዘንሃይም ጀርመንን አቋርጦ ነው የሚያልፈው። ከፉሰን ወደ ጋርሚሽ የሚወስደው አቋራጭም በሮይተ በኩል ኦስትሪያ ገብቶ ይወጣል። መኖሪያ ፈቃድ ካርድና የጸና ፓስፖርት ወይም ሰማያዊው የስደተኛ ፓስፖርት ያለው አይቸገርም፤ ሁለቱም ዋናው እንጂ የስልክ ፎቶ አይሆንም። ለእያንዳንዱ ሕፃንም የራሱ ፓስፖርት ይያዝ። የሸንገን ቪዛ ያላቸው ወላጆች አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባ ቢሆንም ማለፍ ይችላሉ፣ ከሸንገን አልወጡምና። ዱልዱንግ (ከጀርመን መባረሩ ለጊዜው የታገደለት ሰው የሚይዘው ወረቀት) ያለው ሰው ግን ድንበሩን ባለፈ ቅጽበት ወረቀቱ ይሰረዛል፤ ጉዳዩ በሂደት ላይ ያለ ጥገኝነት ጠያቂም መውጣት አይፈቀድለትም። አዘጋጅ ገንዘብ ከመቀበሉ በፊት ይህን በግል፣ በአክብሮት ይጠይቅ።

እንዲህ ያለ ወገን ካለ ጉዞውን በሙሉ ባቫሪያ ውስጥ ማድረግ ይቻላል፦ ከፉሰን በሽታይንጋደን ወደ ቪስኪርሸ ቤተ ክርስቲያን፣ ከዚያ ኦበራመርጋው፣ ኤታልና ጋርሚሽ፤ ከጋርሚሽ በሙኒክ በኩል ተዙሮ በአውራ ጎዳና 8 እስከ ባድ ራይሸንሃል ተወርዶ ቤርሽተስጋደንና ኮኒግስዜ። ለሹፌሩ "በሮይተ እንዳትሄድ" ብሎ በጽሑፍ መስጠት ያስፈልጋል፤ የመንገድ ጠቋሚው መሣሪያ ሁልጊዜ አቋራጩን ነው የሚመርጠው። የክልል ገደብ የተጻፈበት ወረቀት የያዘ ደግሞ ከመነሣቱ በፊት ከውጭ ዜጎች ቢሮ የጽሑፍ ፈቃድ ይያዝ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አንባቢ፣ ከሙኒክ