ቅዳሜ ሜዳችን ላይ እንገናኝ

ሰላም የሰፈራችን ቡድን ደጋፊዎች፣

ቅዳሜ ከጠዋቱ 12:30 የኳስ ሜዳችንን ለመጠገን እዚያው እንገናኝ። ፀሐይዋ ሳትከርር እንጨርሳለን።

ክረምቱ ምን እንዳደረገው አይታችኋል። ጥቁር አፈር ነውና ሲረጥብ ይጨቀያል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ዳር ዳሩ ላይ ሣሩ ጉልበት ደርሷል፤ በረኛው የሚቆምበት ግን ራሰ በራ ሆኗል። ባለፈው እሑድ በረኛችን ያቺ ቀላል ኳስ የገባችበት እዚያ ጉድጓድ ውስጥ ተንሸራቶ ነው። እኛ ደግሞ ሰደብነው!

ስለዚህ መጀመሪያ ጉድጓዶቹን በአፈር ሞልተን እንጠቀጥቃለን። ከዚያ ሰርዶ ከነሥሩ ከዳር እየነቀልን እንተክልበታለን። ሰርዶ ውኃ ካገኘ ቶሎ ይይዛል፤ የማጠጣት ተራ እዚያው እናወጣለን። ማጭድ፣ ዶማ፣ አካፋ ያላችሁ ይዛችሁ ኑ። ኖራና ገመድ ተገዝቷል። መስመሩን በዓይን ግምት ማስመር ቀርቷል፣ የአምናው ጠማማ ይበቃናል።

በ2014 ዓ.ም. ብሔራዊ ቡድናችን ጋናን «በሜዳው» ለመግጠም ጆሃንስበርግ ድረስ ሄዷል። የባሕር ዳሩን ስታዲየም የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን (ካፍ) መስፈርት አያሟላም ስላለ። የእኛን ሜዳ ካፍ አያየውም፣ ልጆቻችን ግን ይወድቁበታል።

እምቦጭን ከጣና በእጁ የነቀለ ሰው ሣር አያቅተውም። ቡናና ቆሎ አለ። ባዶ እጁን የመጣም አይመለስም፤ ድንጋይ ይለቅማል።