መጽሐፉ ጅማም ይድረስ

ለተከበራችሁ አዘጋጆች፣

«የንባብ ባህል ሞቷል» የሚል ጽሑፍ በየጊዜው ይወጣል። በእናንተም ጋዜጣ ላይ አንብቤያለሁ። አልስማማም። ቢያንስ ጅማ ላይ አንባቢ አለ። መጽሐፉ ግን አይደርሰውም።

ሰሞኑን ከተማችን ውስጥ ረጅም ዕድሜ ካላቸው የመጻሕፍት መደብሮች በአንዱ ከሰዓቱን ሙሉ ቆየሁ። ቤቱ ጠባብ ነው። መደርደሪያው ጣሪያ ደርሷል፤ የተረፈው መሬት ላይ ተከምሯል። የአማርኛ ልብ ወለድ፣ የአፋን ኦሮሞ መጻሕፍት፣ የሃይማኖት መጻሕፍት፣ ያገለገሉ የሕክምናና የግብርና መማሪያዎች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። የጅማ ዝናብ ለወረቀት አይመችም። ባለቤቱ ፀሐይ ባገኙ ቁጥር የታችኛውን ረድፍ እያወጡ ያናፍሳሉ። ይህን ሥራ ማንም አያይላቸውም፤ እኔ ግን ትልቅ ነገር ነው እላለሁ።

ጅማ የተማሪ ከተማ ከሆነች ቆይታለች። የግብርና ትምህርት ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1952፣ የጤና ሳይንስ ተቋሙ በ1983 ተከፈቱ። እ.ኤ.አ. በ1999 ሁለቱ ተዋህደው ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሆኑ። እንዲህ ያለው መደብር የሚኖረውም በዚህ ተማሪ ነው። ተመራቂው ሻንጣውን ሸክፎ ከመሄዱ በፊት መጽሐፉን ይሸጥለታል። ፍሬሽ ሲገባ ደግሞ ያንኑ ይገዛል። አንድ የአናቶሚ መጽሐፍ ገልጬ ኅዳጉ ላይ የሦስት ሰው የእጅ ጽሑፍ አየሁ። ሦስቱ ተያይተው አያውቁ ይሆናል፤ አንዱ ያልገባውን ሌላው አብራርቶለታል።

ልብ ወለድ ይከራያል። ማስያዣ ይተዉና በቀን ጥቂት ብር ይከፍላሉ። ከቤተሰብ በሚላክ ብር ዶርም ለሚኖር ልጅ ይህ ቀላል እገዛ አይደለም። ዛሬ አዲስ መጽሐፍ ስንት እንደገባ ታውቃላችሁ።

አንዲት ተማሪ ገብታ «ጋሼ፣ ያ መጽሐፍ መጣ?» አለቻቸው። «አልመጣም ልጄ፣ በሌላ ሳምንት ብቅ በይ» አሏት። ጥቂት ቆይቶ ሌላ ልጅ ያንኑ መጽሐፍ ጠየቀ። መልሱም ያው ነበር።

ለምን እንደማይመጣ ጠየቅኋቸው። አዲስ መጽሐፍ የሚያመጡት ከአዲስ አበባ ነው። ገንዘቡን በቅድሚያ ከፍለው፣ በካርቶን አሳሽገው፣ በአውቶቡስ ያስጭናሉ። ያልተሸጠው አይመለስላቸውም። ኪሳራው የእሳቸው ነው። ስለዚህ የሚያዝዙት በእርግጠኝነት የሚሸጠውን ብቻ ነው። የጀማሪ ደራሲ ሥራ ጅማ ሳይደርስ ይቀራል። ቡናችን ወደ አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ በመኪና ይጓዛል። በመልሱ አንድ ካርቶን መጽሐፍ ቢጫን ምን ይከብዳል?

መጽሐፉን ያጣ ተማሪ ቴሌግራም ላይ ፒዲኤፉን ይፈልጋል። ደራሲው ከዚህ ሰባራ ሳንቲም አያገኝም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ከወጣ ዓመታት ተቆጥረዋል። ልጁን «ሕግ ጥሰሃል» ማለት ይቻላል፤ ልክም ነው። ግን በገንዘቡ ልግዛ ሲል መደርደሪያው ላይ ልናስቀምጥለት ይገባ ነበር።

አሳታሚዎችን አንድ ነገር እለምናለሁ። ከየአዲሱ መጽሐፍ ጥቂት ቅጂ «ሸጣችሁ ክፈሉ» ብላችሁ ለክልል ከተማ መደብሮች ላኩ። ዓመታት በአንድ ቦታ የቆየ ሰው ገንዘባችሁን ይዞ አይጠፋም። ደራሲዎችም ምርቃታችሁን አዲስ አበባ ከጨረሳችሁ በኋላ አንድ ቅዳሜ ወደ ጅማ ውረዱ። አዳራሽ አለ፣ ተማሪ አለ፣ ጥያቄም ሞልቷል። ስማችሁን የሚያውቁ ግን ፊታችሁን አይተው የማያውቁ ልጆች ታገኛላችሁ።

እናንተንም አልተውም። አዲስ መጽሐፍ ስታስተዋውቁ ዋጋውን ትጽፋላችሁ፤ አንዳንዴ አዲስ አበባ የሚገኝበትንም ሱቅ ትጠቁማላችሁ። እባካችሁ አንድ መስመር ጨምሩ። ጅማ፣ ሐዋሳ፣ ባሕር ዳር የት እንደሚገኝ ጻፉ። የትም ካልተላከ ደግሞ «ከአዲስ አበባ ውጭ አይገኝም» ብላችሁ ጻፉ፤ አሳታሚውም ያንብበው።

አክባሪያችሁ
አንድ አንባቢ፣ ከጅማ