ከአይስላንድ መንገድ መልስ

ይድረስ ለውድ አባቴ፤

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። በስልክ «አገሩን ሌላው ይነግረኛል፤ አንተ መንገዱን ንገረኝ» ስላሉኝ፣ ፍራንክፈርት በተመለስኩ በሦስተኛው ቀን ይህን ጻፍኩልዎ።

የነዳሁት ደሴቲቱን የሚዞረውን ቁጥር አንድ መንገድ ሲሆን ርዝመቱ ከ1,300 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። የመኪና መብራት ቀንም ሌሊትም ይበራል፤ ፍጥነቱ በአስፋልት ከ90፣ በጠጠር ከ80 አያልፍም። በጎቹ በበጋ ያለ እረኛ ስለሚለቀቁ፣ እናቲቱ በአንዱ ጠርዝ፣ ግልገሏ በማዶ ቆመው ባየሁ ቁጥር «ግልገሉ ወደ እናቱ መሮጡ አይቀርም» ያሉኝ ትዝ እያለኝ እግሬን ከነዳጅ መስጫው አነሣ ነበር።

ይበልጥ እርስዎን ያስታወሰኝ ግን በደቡብ በኩል ያለው፣ ስኬይዳራ የሚባለው ወንዝ የሚወርድበት ጥቁር የአሸዋ ሜዳ ነው። መንገዱ ዙሪያውን የገጠመው በ1966 ዓ.ም. እዚያ ድልድይ ሲሠራ ነበር። በመስከረም 1989 ዓ.ም. ከቫትናዮኩል የበረዶ ግግር ሥር እሳተ ገሞራ ፈነዳ፤ የቀለጠው ውሃ ከበረዶው በታች አንድ ወር ያህል ተጠራቅሞ ከቆየ በኋላ ጥቅምት መጨረሻ ላይ ቤት የሚያካክል በረዶ እየገፋ ወርዶ ድልድይ ጠርጎ ሄደ። የተጣመመው ብረት ዛሬም ከመንገዱ ዳር ለመታሰቢያ ቆሟል። እጄን አሳርፌበት፣ በአሰብ መንገድ ደራሽ ውሃ መጥቶ ኤንትሬ የጭነት መኪናዎን አቁመው ሁለት ቀን የጠበቁበትን ጊዜ አሰብኩ፤ ልጅ ሳለሁ ያጋነኑ ይመስለኝ ነበር።

ቲንግቬትሊር በሚባለው ስፍራ ደግሞ የአሜሪካና የአውሮፓ የምድር ቅርፊቶች በዓመት ሁለት ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሚራራቁ ሰው በስንጥቁ መካከል በእግሩ ይሄዳል። ምድር እንዲህ ስትከፈት በየብስ ላይ ከሚታይባቸው ጥቂት ቦታዎች ሌላው የእኛው አፋር ነው። እርስዎ በ1961 ዓ.ም. ከርዕደ መሬቱ በኋላ በሰርዶ ሲያልፉ ያዩትን ስንጥቅ እኔ ገንዘብ ከፍዬ ለማየት ሄድኩ ማለት ነው።

አንድ ጥፋት አለብኝ። ነፋሱን ንቄ የተከራየሁትን መኪና በር በአንድ እጄ ብከፍት ከእጄ ነጥቆ ማጠፊያውን አጣመመው፤ አከራዮቹም የነፋስ ጉዳት በመድኑ አይሸፈንም ብለው ሙሉውን አስከፈሉኝ። ውሉን ሳላነብ ፈርሜ ስለነበር የምከራከርበት አፍ አልነበረኝም።

ፎቶዎቹን በእህቴ ስልክ ልኬያለሁ። በሦስተኛው ላይ በሩን በገመድ እንዴት እንዳሰርኩት ያያሉ፤ ቋጠሮው እርስዎ ሸራ የሚያስሩበት ነው፣ እስከ ሬይኪያቪክም አልላላም።

ልጅዎ