ለአባቴ፣ ስለ ላክሁት ገንዘብ

ሜልቦርን፣ ኅዳር 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድዎትና ለማከብርዎት አባቴ፤

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እናቴ፣ እኅቴ፣ ወንድሜና ጎረቤቱ ሁሉ እንደምን ሰነበታችሁ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ሰላምታውን የማሳጥረው ልቤ የተንጠለጠለበት ጉዳይ ስላለ ነውና አይቀየሙኝ። ለእኅቴ ሠርግ የላክሁትን ገንዘብ ከባንክ የተቀበላችሁ ዕለት በስልክ የጠየቁኝን ጥያቄ በዚያች አጭር ጊዜ ልመልሰው አልቻልሁም። ከዚያ ወዲህ ዝም ያልሁትም ተቀይሜ ሳይሆን፣ ዕድሜዎን ሙሉ ሒሳብ ያስተማሩ ሰው ነገሩን በወረቀት ላይ ተዘርዝሮ ካላዩት እንደማይረኩ ስለማውቅ ነው።

ጥያቄዎ እንዲህ ነበር፦ «አንቺ 1,500 ዶላር ላክሁ ብለሻል፤ የአክስትሽ ልጅ ከአሜሪካ 1,000 ዶላር፣ የአጎትሽ ልጅ ደግሞ ከለንደን 800 ፓውንድ ልከዋል። ታዲያ ብሩን ስንቀበል ያንቺ ከሁሉም ያነሰው ለምንድን ነው?» እርስዎ የጠየቁኝ ለማወቅ ብቻ እንደሆነ አልጠራጠርም። አጎቴ ግን ከጎን ሆነው «መንገድ ላይ ተቆርጦ ይሆናል፤ ወይም ቁጥሩ ያለው በአፏ ብቻ ነው» ሲሉ ሰምቻለሁ፤ ያ ቃል እስካሁን ከሆዴ አልወጣም።

አባቴ፣ ከገንዘቡ ላይ የተቆረጠ የለም። ዶላር የሚባለው ገንዘብ አንድ አይደለም። አውስትራሊያም ካናዳም ገንዘባቸውን ዶላር ይሉታል፤ እያንዳንዱ ግን በየአገሩ ማዕከላዊ ባንክ የሚወጣና በየራሱ ዋጋ የሚመነዘር ነው። በዚህ ወር አንድ የአውስትራሊያ ዶላር የሚያወጣው 65 የአሜሪካ ሳንቲም ያህል ነው፤ 1,500 በ0.65 ሲባዛ 975 የአሜሪካ ዶላር ይሆናል። አንድ ፓውንድ ደግሞ 1.31 የአሜሪካ ዶላር ያህል ስለሚያወጣ 800 ፓውንዱ ወደ 1,048 ይጠጋል። ሦስታችንም የላክነው ተቀራራቢ ነው። የብር ምንዛሪ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ትንሹም ልዩነት በብር ሲቆጠር ብዙ ሆኖ ስለሚታይ፣ የእኔ ጎድሎ ቢመስላችሁ አልፈርድባችሁም።

ስለ ልፋቱ ከተነሣ ደግሞ፣ ለሌሎቹም ልመስክርላቸው። በየአገሩ ሕግ የተወሰነውን ዝቅተኛ ደመወዝ ብቻ ብንወስድ በብሪታንያ በሰዓት 12.21 ፓውንድ፣ የአክስቴ ልጅ ባለበት የአሜሪካ ግዛት በሜሪላንድ 15 ዶላር፣ በእዚህ አገር 24.95 ዶላር ነው፤ እንደ እኔ ቋሚ ላልሆነ ሠራተኛ 25 በመቶ ሲጨመርበት 31.19 ይሆናል። በዚህ ልክ 1,500 ዶላሩን ለማግኘት ግብር ሳይቀነስ 48 ሰዓት ገደማ ይበቃል። የለንደኑ ልጅ ግን 800 ፓውንድ ለመሙላት 65 ሰዓት ተኩል፣ የአክስቴ ልጅም ለ1,000 ዶላሩ 67 ሰዓት ገደማ መሥራት ይኖርባቸዋል። ስለዚህ እነርሱ የላኩትን ስታመሰግኑ ደስ ይለኛል እንጂ አልቀናም። የሚከፋኝ የእኛ ገንዘብ ለእንግዳ በሚዘጋጅ ድንኳን ውስጥ ጎን ለጎን ተቆጥሮ፣ ይህ ወደደን፣ ያቺ ረሳችን ሲባልበት ነው።

«በሰዓት ይህን ያህል ከተከፈለሽ ወዴት ይሄዳል?» የሚሉኝ እንደሆነ፣ ከሁሉ የሚበዛው የሚሄደው ለቤት ኪራይ ነው። ወንድሜ ወዴት አገር መሄድ እንደሚሻለው ሲያሰላ «አንቺ ጋ ክፍል በ300 ዶላር ይገኛል፤ አሜሪካ ግን 1,300 ነው» ብሎኝ ነበር። በአሜሪካ ኪራይ የሚነገረው በወር ነው፤ አውስትራሊያ ውስጥ ግን 300 ሲባል የሳምንቱ ነው፣ ማንም «በሳምንት» ብሎ አያብራራም። ይህንንም በአራት ቢያባዙት 1,200 ያገኛሉ፤ ዓመቱ ግን 52 ሳምንት ስለሆነ 15,600 ዶላር ሆኖ፣ ለ12 ወር ሲካፈል በወር 1,300 ይመጣል። ወንድሜ ይህን ራሱ እንዲሠራው ይስጡት። ወደ ቤት ለመግባት ደግሞ «ቦንድ» የሚሉት መያዣ አለ፤ ብዙውን ጊዜ የአንድ ወር ኪራይ ሲሆን፣ በእኛ ክፍለ ግዛት በአከራዩ እጅ ሳይሆን በመንግሥት መሥሪያ ቤት ይቀመጣል፤ እንግሊዝ አገር ያንኑ «ዲፖዚት» ይሉታል። እኔ የምኖርበት ፉትስክሬይ የአገራችን ሰው የሚበዛበት ሰፈር ነው፤ እንጀራም በርበሬም በእግር መንገድ አገኛለሁ፤ ስለ ምግብ አያስቡ።

መኪና ያልገዛሁትም ስለማልችል ብቻ አይደለም። እዚህ «ሬጆ» የሚሉት የመኪና ዓመታዊ ምዝገባ አለ፤ የሦስተኛ ወገን ጉዳት መድኑን ጨምሮ በዓመት ወደ 900 ዶላር ይደርሳል፤ ባቡርና ትራም ሳሉ ይህን መክፈል አልታየኝም። የአክስቴ ልጅ «ጋዝ በ3 ዶላር ቀዳሁ» ሲልዎትም ቤንዚን ማለቱ ነው፤ የሚናገረውም ስለ ጋሎን ነው፣ አንዱ ጋሎን 3.785 ሊትር ነውና። እዚህ ጋዝ የሚባለው የምድጃውና የማሞቂያው ነው፤ ሒሳቡም ለብቻው ይመጣል።

ከሁሉ የከበደኝ ሁለተኛው ጥያቄዎ ነው። የአጎቴ ልጅ ለሠርጉ ትኬት ቆርጧል፤ አንቺስ ለምን አትመጪም ብለውኛል። አባቴ፣ እርሱ የሚመጣው ሕጉ ስለሚረዳው ነው። በብሪታንያ ሠራተኛ ሁሉ፣ ሰዓቱ ባልተወሰነና «ዜሮ አወርስ» በሚባለው ውል የተቀጠረው ሳይቀር፣ በዓመት 5.6 ሳምንት ክፍያ ያለው ዕረፍት አለው። በአሜሪካ የፌዴራሉ ሕግ የግል አሠሪ እንዲህ ያለ ዕረፍት እንዲሰጥ አያስገድድም፤ ስለዚህ የአክስቴ ልጅ ካልመጣ አትዘኑበት። እኔ የተቀጠርሁበት ውል «ካዥዋል» ይባላል። ቋሚ ሠራተኛ በዓመት 4 ሳምንት ከነደመወዙ ያርፋል፤ ካዥዋል ግን ያ ከላይ የጻፍሁት የ25 በመቶ ጭማሪ የሚሰጠው ለዓመት ዕረፍትም ለሕመም ፈቃድም ክፍያ ስለሌለው ነው። የቀረሁበት ቀን ባዶ ነው። ሠርጉ ያለበት ጥር እዚህ የበጋው ወር ሆኖ ቋሚዎቹ ከልጆቻቸው ጋር የሚያርፉበት ስለሆነ፣ ለእኛ ሰዓት የሚበዛልን ያን ጊዜ ነው። የአውሮፕላኑን ትኬትና የሚቀርብኝን ደመወዝ ስደምር ለሠርጉ ከላክሁት በለጠ። ከእኔ መምጣትና ከገንዘቡ አንዱን መምረጥ ግድ ሆነብኝ፤ ድንኳኑ፣ ጠጁ፣ የሙሽራዋ ልብስ ያለ ገንዘብ አይሆንምና ገንዘቡን መረጥሁ። ትክክል ያደረግሁ ይመስለኛል፤ ቢሆንም ሌሊት ከሥራ ስመለስ ባቡር ውስጥ የማስበው ይህንኑ ነው።

እኅቴ እንሶስላ ስትሞቅ አጠገቧ መቀመጥ የሚገባኝ እኔ ነበርሁ። እናቴ የጠላውን ጌሾ ስታስወቅጥ ማን ይረዳታል? ሽማግሌዎቹ ቀን ሲቆርጡ እንኳ ያለሁት በስልክ ነበር፤ ድምፁ ይቆራረጥ ስለነበር የሙሽራውን አባት ምርቃት ግማሹን ብቻ ሰማሁ። ከጥምቀት በኋላ ያለው እሑድ መሆኑን ግን ይዣለሁ። እሑድ እዚህ ደመወዙ ከሌላው ቀን ይበልጣል፤ ስለዚህ ብዙውን እሑድ እሠራለሁ። ቅዳሴ እንደሚያመልጠኝ ለእናቴ አይንገሩብኝ። የሠርጉን እሑድ ግን አልሠራም፤ አስቀድሜ ነግሬያቸዋለሁ። ሙሽሪት ከቤት ስትወጣ ስልኩን ወንድሜ ይያዝልኝ።

ወንድሜ «ሱፐር የሚባል ተቀማጭ አለሽ አሉ፤ ከዚያ አውጪ» ማለቱንም ሰምቻለሁ። ተቀማጩ አለ፤ አሠሪ ከደመወዝ በላይ 12 በመቶ የሚያስገባው የጡረታ ገንዘብ ነው። ዕድሜዬ 60 ሳይደርስ፣ ከባድ ችግር ካላጋጠመ በቀር፣ ሊነካ አይችልም። ያለኝን ደብቄ የለኝም አላልሁም።

አሁን ስለ እናቴ። አጎቴ «እዚያ ሜዲኬር አለና ወስዳ ታሳክማት» ማለታቸውን ነግረውኛል። ሜዲኬር የሚባለው የመንግሥት የሕክምና መድን ነው፤ ይህም ከአገር አገር የሚለያይ ነው። የአክስቴ ልጅ ስለ ሜዲኬር ሲያወራ የአሜሪካውን ማለቱ ነው፤ እርሱ በዋናነት ዕድሜያቸው 65 ዓመት ለሞላ የተቋቋመ ነው። የአውስትራሊያው በተመሳሳይ ስም ከ1984 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዕድሜ ሳይለይ ለዜጋውና ለቋሚ ነዋሪው ይሠራል፤ ሐኪሙ ሒሳቡን በቀጥታ ከመንግሥት ከተቀበለ ታካሚው አይከፍልም፤ ካልሆነ «ጋፕ» የሚባለውን ልዩነት ይከፍላል። በለንደን በመንግሥት ሆስፒታል ሕክምናው ለነዋሪው በነጻ ነው፤ አምቡላንስም አያስከፍልም፤ በእኛ ክፍለ ግዛት ግን የአባልነት ክፍያ ያልከፈለ ሰው አንድ ጊዜ በአምቡላንስ ቢወሰድ ከ1,000 ዶላር በላይ ሊጠየቅ ይችላል። እናቴ በጎብኚነት ብትመጣ ይህ ሜዲኬር አይሸፍናትም፤ ኢትዮጵያ ከአውስትራሊያ ጋር የጋራ ሕክምና ስምምነት ካላቸው አገሮች ውስጥ የለችምና። ላመጣት ሳልፈልግ ቀርቼ እንዳይመስላት አደራዎን በደንብ ያስረዷት። እዚያው በሚያውቃት ሐኪም ክትትሏን ሳታቋርጥ መቀጠሏ ለጊዜው የሚሻል ይመስለኛል።

የደም ግፊቷ ከፍ ብሎ እንደነበር እኅቴ ሳታስበው አምልጧት ነግራኛለች፤ ለምን ደበቃችሁኝ አልልም፤ እኔም የማልነግራችሁ አለኝ። ብቻ መድኃኒቱን «ሻለኝ» ብላ እንዳትተወው፣ ለሠርጉም ስትል ሌሊት እንዳትቆም። ቡናውና ጨውም ይቀነስላት። ከላክሁት ውስጥ የአራት ወር የመድኃኒቷን ዋጋ ለይተው በእርስዎ ዘንድ ያስቀምጡ፤ ድንኳኑ ቢጎድል ይጉደል፣ ያ ገንዘብ ግን ለሠርግ እንዳይነካ እለምንዎታለሁ። ከአሁን በኋላም የእርሷን ከሌላው ጋር ሳልቀላቅል በየወሩ በስሟ እልካለሁ፤ ስልክም ስናገር መጠኑን በአሜሪካ ዶላር ተመንዝሮ ነው የምነግራችሁ።

ለሙሽሪት የምሰጣት ነጭ ጫማ ከአጎቴ ልጅ ጋር ይደርሳል፤ ከለንደን የሚገዛላት እርሱ ነው፣ ዋጋውን ከፍዬዋለሁ። እዚያ ቁጥር 5 የሚባለው የእኛ 38 ያህል ነውና በስሕተት 38 ፈልጎ እንዳያጣ ነግሬዋለሁ፤ እናንተም የእግሯን ርዝመት በሴንቲ ሜትር ለክታችሁ በዚህ ሳምንት ላኩለት።

ልጅዎ፣
ከሜልቦርን