ነጠላዬ ባህል፣ ሂጃቤ ችግር፦ ለፈረንሳይ ትምህርት ሚኒስትር ግልጽ ደብዳቤ

ክቡር ሚኒስትር፣

ወይም ክብርት። ስም ያልጻፍኩት ከንቀት አይደለም። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ከ2023 ወዲህ ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ሰው ስንቴ እንደተቀያየረ እርስዎም ያውቁታል። ደብዳቤው ለወንበሩ ነው።

ይህ አራተኛዬ ነው። ሦስቱን በፈረንሳይኛ ጽፌያለሁ። አንዱን ለልጄ ትምህርት ቤት፣ ሁለቱን ለአካባቢያችን የትምህርት ጽሕፈት ቤት። ሰዋስዉን ጎረቤቴ አርማልኛለች፤ በሪኮማንዴ፣ በአደራ ደብዳቤ ማለት ነው፣ የላክኋቸው፤ የፖስታ ቤቱ ደረሰኝ መሳቢያዬ ውስጥ አለ። መልስ ግን ወፍ የለም። ስለዚህ ይህኛውን ባፍ መፍቻዬ ጻፍኩት። ተርጓሚ ካስፈለገዎት ይፈልጉ። እኔ እዚህ አገር ከመጣሁ ጀምሮ ስፈልግ ነው የኖርኩት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው የካቲት ትምህርት ቤቱ «የባህሎች ቀን» አዘጋጀ። ዳይሬክተሯ ጠዋት በር ላይ ጠብቃ ያዘችኝ። ያንን የሚያምር ነጭ ልብስ ለብሼ እንድመጣ፣ ቡናም እንዳፈላ ለመነችኝ። እሺ አልኩ። የሀበሻ ቀሚሴን ተኮስኩ። ረከቦቱን፣ ጀበናውን፣ ፈንዲሻውን ተሸክሜ ሄድኩ። ከሰል አይፈቀድም ስላሉኝ በኤሌክትሪክ ምድጃ አፈላሁ። ዕጣኑን ለኮስ ሳደርገው ግን የእሳት አደጋው ደወል ጮኸ። ልጆቹ በሳቅ ፈነዱ። ዳይሬክተሯ ራሷ ወንበር ላይ ወጥታ መስኮቱን ከፈተች።

ያን ቀን ነጠላዬን ተከናንቤ ነበር። ጥለቱ ግንባሬ ላይ አርፏል። አንዲት ዘለላ ፀጉር አትታይም። ማንም ምንም አላለኝም። እንዲያውም ፎቶ አነሱኝ። ፎቶው በትልቁ ታትሞ ኮሪደሩ ላይ ተሰቀለ፤ ሥሩ «የዓለም ባህሎች» ይላል።

ሦስት ሳምንት ቆይቶ የልጄ ክፍል ሙዚየም ሊሄድ ሆነ። መምህሯ አጃቢ ወላጅ ፈለገች። ከሥራ የግማሽ ቀን ፈቃድ ወስጄ ተመዘገብኩ። በቀጠሮው ጠዋት ሱሪና ካፖርት ለብሼ፣ ግራጫ ሻርፕ ራሴ ላይ አስሬ፣ አገጬ ሥር በመርፌ ቁልፍ አያይዤ ሄድኩ። ልጆቹ አውቶቡስ ውስጥ ገብተዋል። ዳይሬክተሯ በሩ ላይ ቆማለች። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ይህንን ያወልቁልኛል?» አለችኝ።

ለምን አልኳት።

«ላይሲቴ» አለችኝ። አንድ ቃል። መንግሥትና ሃይማኖት ይለያዩ ማለት መሆኑን አውቃለሁ፤ ለነዋሪነት ፈቃድ ስንማር አጥንተነዋል። እኔና መንግሥት መቼ ተጋብተን ነው የምንለያየው?

አላወለቅኩም። አውቶቡሱ ሄደ። ልጄ አፍንጫዋን መስኮቱ ላይ ለጥፋ እያየችኝ ነበር። ማታ ራት እየበላን ቀና ብላ «እማዬ፣ ነጠላውን ለምን አላደረግሽውም? በነጠላ እኮ ይወዱሻል» አለችኝ።

ሰባት ዓመቷ ነው። ሚኒስቴርዎ በመመሪያ ያልፈታውን ነገር በአንድ ጉርሻ መሀል ገብቷታል።

ሕጉን ከእኔ በላይ ያውቁታል። ግን ደብዳቤዎቼ መልስ ስላላገኙ ላስታውስዎት። የ1905ቱ ሕግ መንግሥትን እንጂ እናቶችን አላሰረም። የመጋቢት 2004ቱ ሕግ ጎልቶ የሚታይ የሃይማኖት ምልክት የከለከለው በመንግሥት ትምህርት ቤት የሚማሩ ተማሪዎችን ነው። እኔ 38 ዓመቴ ነው፤ ደብተር ከያዝኩ ቆይቻለሁ። በ2013 ኮንሴይ ዴታ፣ የአገሪቱ ከፍተኛው የአስተዳደር ፍርድ ቤት፣ አጃቢ ወላጆች እንደ መንግሥት ሠራተኛ የገለልተኝነት ግዴታ እንደሌለባቸው ተናግሯል። መከልከል የሚቻለው የትምህርቱ ሥራ ወይም ጸጥታ የሚታወክ ከሆነ ነው። ያን ጠዋት የታወከ ነገር ቢኖር የእኔ ሆድ ብቻ ነው። በ2019 ሴኔቱ አጃቢ እናቶችን የሚከለክል አንቀጽ በትምህርት ሕጉ ላይ ጨመረ፤ የመጨረሻው ሕግ ሲወጣ ግን አንቀጹ ቀርቷል። ክልከላው ቀድሞ ቢኖር ኖሮ ሴኔቱን ምን አደከመው? ታዲያ አውቶቡሱ በር ላይ የተጠቀሰብኝ ሕግ የትኛው ነው?

ደሴ ነው ያደግኩት። አያቴ ሙስሊም ነበረች፤ የልብ ወዳጇ ክርስቲያን። ሁለቱም ሻሽ ያስራሉ፤ ከላይ ነጠላ ጣል ያደርጋሉ። ገበያ ሲወርዱ ከኋላ ያየ ሰው የቷ የቷ እንደሆነች አይለይም። ፊት ለፊት ሲመጡ ነው የክርስቲያኗ አንገት ላይ ማተቡ የሚታየው። አገሬ ጻድቅ ናት አልልም። በእኛ አቆጣጠር በ2017 ዓ.ም. አክሱም ላይ ሙስሊም ተማሪዎች በሂጃብ የተነሳ ከትምህርት ገበታቸው ሲርቁ እዚህ ሆኜ አንጀቴ አርሯል። ያኔ የተናደድኩ ሰው ዛሬ እዚህ ዝም ልበል?

በወላጆች ስብሰባ ላይ ጉዳዩን ሳነሳ አንድ አባት ኢራንን አነሳብኝ። ኢራናዊቷ ወጣት ማህሳ አሚኒ በ2022 በሂጃብ ምክንያት በፖሊስ ተይዛ እንዴት እንደሞተች አውቃለሁ። አልቅሼላታለሁም። ግን እኔ ኢራንን በካርታ ነው የማውቃት። ቴህራን ውስጥ ፖሊስ ሴትን በግድ ስላስለበሰ፣ ደሴ የተወለደች ሴት ፈረንሳይ ውስጥ ከአውቶቡስ የምትወርድበት ሒሳብ አልገባኝም።

ከዚያ ደግሞ የቀሚሱ ነገር አለ። በ2023 ነሐሴ መጨረሻ ሚኒስቴርዎ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች አባያን፣ ያንን ረጅምና ሰፊ የሴት ልብስ፣ እና «ቃሚስ»ን ከለከለ። ዜናውን ስሰማ በጆሮዬ አላመንኩም። በእኛ ቋንቋ ቀሚስ ማለት ቀሚስ ነው! እናቴ የምትለብሰው፣ ሙሽራ የምትለብሰው። በርግጥ እናንተ ያላችሁት ወንዶቹ የሚለብሱትን መሆኑን ቆይቼ ተረዳሁ። ትምህርት በተከፈተበት ቀን 298 ሴት ተማሪዎች አባያ ለብሰው መጡ፤ 67ቱ አናወልቅም ብለው ወደ ቤት ተመለሱ። ቁጥሩን የተናገሩት የዚያን ጊዜው ሚኒስትር ራሳቸው ናቸው። በዚያው ሳምንት ኮንሴይ ዴታም ክልከላው እንዲታገድ የቀረበለትን አቤቱታ ሳይቀበል ቀረ።

ልጄ 12 ዓመት ሲሞላት የሀበሻ ቀሚስ ለብሳ ልሂድ ብትልስ? ቁርጭምጭሚቷ ድረስ ይደርሳል። እጅጌው እስከ አንጓዋ ነው። ሰፊ ነው። አባያ አለመሆኑን በሩ ላይ የቆመው ሰው በምን ይለያል? በጥለቱ? በስሟ? ያው ረጅም ቀሚስ አንዷ ስትለብሰው ፋሽን፣ ሌላዋ ስትለብሰው ሃይማኖት ከሆነ፣ የሚታየው ጨርቁ አይደለም፤ ለባሿ ናት። ይህንን የሚወስነው ደግሞ የልጄን ስም ከመዝገብ ላይ ያነበበ ሰው ነው።

ትምህርት ቤቱ ግንብ ላይ «ነፃነት፣ እኩልነት፣ ወንድማማችነት» ተቀርጿል። እህትማማችነት ቦታ አልበቃውም መሰለኝ።

ዳይሬክተሯን አልጠላኋትም። ያን ቀን ወንበር ላይ ወጥታ መስኮት የከፈተችው ሴት ክፉ አይደለችም። በማግስቱ ጠዋት ቢሮዋ ሄጄ «ነጠላዬን ለብሼ ብመጣ ኖሮ ታሳፍሪኝ ነበር?» ብዬ ጠየቅኳት። ዝም አለች። ስታስብ ብዕሯን እየከፈተች ትዘጋ ነበር። ከዚያ «መመሪያ እጠይቃለሁ» አለችኝ። የምትጠይቀው እርስዎን ነው። እስካሁን አልመለሱላትም፤ ወይም እሷም እንደ እኔ በሪኮማንዴ ጽፋ እየጠበቀች ይሆናል።

የምፈልገው አንድ ገጽ ወረቀት ነው። አጃቢ እናት ራሷን ሸፍና መሄድ ትችላለች ወይስ አትችልም? አትችልም የሚሉ ከሆነ አንቀጹን ይጥቀሱልኝ። ነጠላና ሻርፕ ይለያያሉ የሚሉ ከሆነም ልዩነቱን በሴንቲሜትር ይንገሩኝ፤ ሜትር ገዝቼ እጠብቃለሁ።

ቀጣዩ ጉዞ ሰኔ ላይ ነው። የልጄ ክፍል እርሻ ሊጎበኝ ነው። ስሜን አስመዝግቤያለሁ። ፎቶዬ ዛሬም ኮሪደሩ ላይ አለ፤ ልጄ በየቀኑ በሥሩ ታልፋለች። እስከዚያ ድረስ ከሁለት አንዱን ያድርጉ። ወይ ፎቶዬን ያስወርዱልኝ፣ ወይ አውቶቡሱ ላይ ያሳፍሩኝ።

አንዲት የተማሪ እናት