የደብራችን ሣር እና የባትሪው ማጨጃ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤
ጤና ይስጥልኝ።

የምጽፍላችሁ ከሜሪላንድ ነው። የደብራችንን ግቢ ሣር ላለፉት 11 ዓመታት ሳጭድ ኖሬአለሁ። ሕንፃውና መኪና ማቆሚያው ሲቀነስ 2 ኤከር ያህል ሣር አለን። ተቀምጬ የምነዳው የቤንዚን ማጨጃ ዘንድሮ በቃው። የፊታችን እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰበካ ጉባኤው ተሰብስቦ ይወስናል። ሌላ የቤንዚን ይገዛ ወይስ በባትሪ የሚሠራ? በዋሽንግተን ዙሪያ ሰፊ ግቢ ያላቸው አጥቢያዎች ብዙ ናቸው። ይኸው ጥያቄ እነሱንም ስለሚገጥማቸው ያየሁትን ልጻፍ ብዬ ነው።

እኔ የሞተር ሰው ነኝ። ናዝሬት ጋራዥ ውስጥ 14 ዓመት ሠርቻለሁ። ካንዴላ ፈትቼ ቀለሙን ሳይ ሞተሩ ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ይህንንም ማጨጃ ይህን ሁሉ ዓመት ያቆየሁት እኔው ነኝ። ፊልትሮውን፣ ዘይቱን፣ ቺንጊያውን ስቀይር፣ ካርቡሬተሩን ሳጥብ። እዚህ አገር በአብዛኛው ማደያ የሚቀዳው ቤንዚን እስከ 10 በመቶ ኢታኖል አለበት። ክረምቱን ታንከር ውስጥ ካሳለፈ ይበላሽና ካርቡሬተሩን ይደፍነዋል። ማርች በመጣ ቁጥር ግማሽ ቀኔ በዚህ ያልቃል። ቢሆንም ያንን ሥራ እወደዋለሁ። ስለዚህ ስለ ባትሪው መጀመሪያ ሲወራ ልቤ አልተቀበለውም። የሕፃን መጫወቻ ነው ብዬ በስብሰባ ላይ ተናግሬአለሁ። አሁን ያንን ቃሌን አንሥቻለሁ።

ሐሳቤን ያስቀየረኝ አንድ የአጥቢያችን ምእመን ነው። ለራሱ ግቢ የባትሪ ማጨጃ ገዝቶ ነበር። ያለፈው ዓመት በተጎታች ጭኖ አመጣልኝና “ጋሼ፣ ሞክረውና ፍረድ” አለኝ። ሁለት ጊዜ ሞከርኩት።

የመጀመሪያው ከፋሲካ በኋላ ባለው ማክሰኞ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2025 ፋሲካ የዋለው ኤፕሪል 20 ነው። እዚህ ሣሩ ከዓመቱ ሁሉ በላይ የሚያድገው በኤፕሪልና በሜይ ነው። እኛ ደግሞ በሰሞነ ሕማማት ቤተ ክርስቲያን የምንውለው ለጸሎትና ለስግደት ነው፤ ማሽን ማስነሣት አይታሰብም። ማክሰኞ ስደርስ ሣሩ ባቴ ጋ ደርሷል። ሌሊቱን ዘንቦ እርጥብ ነበር። ማሽኑ እየታገለ ገባበት። ከሕንፃው ጀርባ ተዳፋቱ ላይ ስደርስ፣ ገና ግማሹን ሳላጭድ ባትሪው አለቀ። ሦስት ወጣቶች ገፍተው አወጡልኝ። ያን ቀን “ይኸው፣ አላልኳችሁም?” ብዬ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ሁለተኛው በሜይ አጋማሽ ነበር። ከሳምንት በፊት የታጨደ ሣር ነው፤ ደረቅ ነው። ሐሙስ ከሥራ መልስ ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ጀመርኩ። ፀሐይ አልጠለቀችም። ውስጥ የማታ ጉባኤ ነበር። በመስኮቱ ሥር ሳልፍ የመምህሩን ድምፅ ሰማሁት። ማጨጃ ላይ ተቀምጬ! የምላጩ ሽውታ አለ፣ ድምፅ የለውም አልልም። ግን ከዛፎቹ ወዲያ ላለው ጎረቤት የሚደርስ አይደለም። 2 ኤከሩን ጨርሼ ባትሪው ላይ 30 በመቶ ቀረ።

ያን ምሽት ነው ነገሩ የገባኝ። ሣራችን የሚረዝመው ሰነፍ ስለሆንን አይደለም። ማጨጃችን ስለሚጮህ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ቅዳሴ አለ። ከሰዓት በኋላ ክርስትና ወይም የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች አሉ። እሑድ የታወቀ ነው። በሥራ ቀን ማታ ባጭድ ደግሞ ጎረቤቶቻችን ያዝናሉ፤ ሁለት ጊዜ በጨዋ ቋንቋ ደብዳቤ ጽፈውልናል። እውነታቸውን ነው። ታዲያ ቀን ስጠብቅ አሥር ቀን፣ አሥራ ሁለት ቀን ያልፋል፤ ሣሩ ይረዝማል። የረዘመ ሣር ደግሞ ባትሪ ይጨርሳል። ድምፁ ዝቅ ያለ ማሽን ካለኝ ማታ ማታ በየሳምንቱ አጭዳለሁ። በየሳምንቱ ካጨድኩ ሣሩ አጭር ነው። አጭር ከሆነ ባትሪው ይበቃል። የፋሲካው ማክሰኞ ፈተና የሆነብኝ በቤንዚኑ ልማድ ስለሠራሁ ነው። የሆሣዕና ዋዜማ ባጭድ ኖሮ፣ ከፋሲካም በኋላ ምላጩን ከፍ አድርጌ መጀመሪያ ጫፉን፣ በሁለተኛው ቀን ደግሞ የቀረውን ባነሣ ኖሮ ያልፍ ነበር። ለሣሩም የሚሻለው ይኸው ነው። በአንድ ጊዜ ከቁመቱ ከሢሶ በላይ መቁረጥ ሥሩን ያደክማል።

የጆሮዬንም ነገር ልጨምር። በቤንዚኑ ሁለት ሰዓት ካጨድኩ እስከ ማታ ጆሮዬ ጭው ይላል። ባለቤቴ ከማድ ቤት ስትጠራኝ አልሰማትም። በዚህ አገር የሥራ ጤና ጥናት ተቋም ለ8 ሰዓት ሥራ የሚመክረው ገደብ 85 ዴሲቤል ነው። የቤንዚን ማጨጃ ላይ የሚቀመጥ ሰው ብዙ ጊዜ ከዚያ በላይ ይሰማል። ከኔ ቀጥሎ ይህን ሥራ የሚረከበው የ22 ዓመት ልጅ ነው። የሱን ጆሮ አስባለሁ።

በገንዘብ በኩል ግን እውነቱን እንነጋገር። “ወጪ ይቆጥባል” ተብሎ ብቻ እንዲገዛ አልፈልግም። እኔ የያዝኩት ሂሳብ እንዲህ ነው። በዓመት 28 ጊዜ ያህል አጭዳለሁ። በአንዱ ዙር 2 ጋሎን ይሄዳል። ጋሎኑን በ3.20 ዶላር ብናስበው ወደ 180 ዶላር ነው። ዘይት፣ ፊልትሮ፣ ካንዴላና ቺንጊያ ሌላ 90 ዶላር። የባትሪው መብራት በእኛ ታሪፍ ለዓመት 20 ዶላር አይሞላም። ስለዚህ በዓመት 250 ዶላር ይተርፋል። ያየነው የባትሪ ማጨጃ 5,400 ዶላር ነው፤ የቤንዚኑ 3,000። ልዩነቱን ለመመለስ ወደ 10 ዓመት ይፈጃል። በመሀል ባትሪ መቀየር ከመጣ ያተረፍነው ሁሉ በዚያ ይሄዳል።

በስብሰባው ላይ “መንግሥት የቤንዚኑን ሊከለክል ስለሆነ እንቸኩል” ያሉም ነበሩ። ይህ መታረም አለበት። እዚሁ ሜሪላንድ ያለው የሞንጎመሪ ካውንቲ ሕግ ከጁላይ 1 ቀን 2025 ጀምሮ የከለከለው በቤንዚን የሚሠራውን ቅጠል መንፊያ፣ ማለትም የረገፈ ቅጠል በንፋስ የሚጠርገውን መሣሪያ ነው። ዋሽንግተን ዲሲም ከጃንዋሪ 2022 ጀምሮ ያንኑ ነው የከለከለችው። ተቀምጠው የሚነዱትን ማጨጃ አይመለከትም። ፈርተን ሳይሆን አምነንበት እንግዛ።

ለመግዛት ለሚያስቡ አጥቢያዎች ሁለት ሦስት ነገር ላሳስብ። ባትሪው የትኛው ዓይነት እንደሆነ ጠይቁ። ርካሾቹ ውስጥ እንደ መኪና ባትሪ ያለው የእርሳስ ባትሪ ይገኛል፤ ከባድ ነው፣ ሳይሞላ ከተቀመጠም ቶሎ ይሞታል። እኔ የምደግፈው ሊቲየሙን ነው። እሱም ቢሆን ከዜሮ ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች በሆነ ቅዝቃዜ ቻርጅ ማድረግ ይጎዳዋል። የእኛ መጋዘን መኪና ማቆሚያው ዳር ያለ ኮንቴይነር ነው፤ መብራት የለውም። የኤሌክትሪክ ባለሙያው ዋጋ ከግዢው ጋር መታሰብ አለበት። የዋስትና ወረቀቱንም እስከ መጨረሻው አንብቡት። ብዙዎቹ ሙሉ ዋስትና የሚሰጡት ለመኖሪያ ቤት ነው። ቤተ ክርስቲያን በየትኛው እንደሚቆጠር ሻጩ በጽሑፍ ይመልስላችሁ። ግቢያችሁ ትንሽ ከሆነ ደግሞ፣ ሩብ ኤከር እንኳ ካልሞላ፣ ይህ ሁሉ አያስፈልጋችሁም። የሚገፋው የባትሪ ማጨጃ ይበቃችኋል።

ናዝሬት ያለው የእህቴ ልጅ ዛሬ የኤሌክትሪክ መኪና ይነዳል። ኢትዮጵያ በ2024 የቤንዚን አውቶሞቢል እንዳይገባ ከከለከለች ወዲህ እሱ የሚያወራኝ ስለ ቻርጅ ብቻ ነው። እኔ ካንዴላ ያስተማርኩት ልጅ! ስልክ ላይ “አጎቴ፣ ሞተር ይናፍቅሃል፣ ግን ትለምደዋለህ” አለኝ። ይናፍቀኛል። እውነት ነው።

እሑድ እጄን ለባትሪው አነሣለሁ። አንድ ነገር ግን እለምናለሁ፤ አሮጌውን ማጨጃ ዘንድሮ አንሽጠው። ለአንድ ፋሲካ ከጎናችን ይቆይ። ካርቡሬተሩን አጥቤ አቆየዋለሁ።

ከአንባቢዎቻችሁ መካከል እንዲህ ያለ የሊቲየም ማጨጃ አራት አምስት ዓመት የነዳ ካለ በዚሁ ጋዜጣ ይጻፍልኝ። አዲስ በነበረ ጊዜ 2 ኤከር ያጭድ የነበረው ባትሪ ዛሬ ስንት ያጭዳል? ከሻጮቹ ይህን ማግኘት አልቻልኩም።

አክባሪያችሁ፣
የደብሩ ሣር አጫጅ
ከሜሪላንድ