እናቴ ጎመን ትሸጣለች፣ ሽሮ ትበላለች

ለባሕር ዳር ከተማ አስተዳደር ጤና መምሪያ ኃላፊ
ባሕር ዳር

ጉዳዩ፦ «አትክልት ይብሉ» የሚለው ምክር እስከ ማድቤት እንዲዘልቅ ስለመጠየቅ

የተከበሩ ኃላፊ፣ ጤና ይስጥልኝ።

እናቴ የጉልት ነጋዴ ናት። ሽንኩርት፣ ቲማቲም፣ ጎመን፣ ካሮት፣ ቃሪያ ትሸጣለች። እኔና ወንድሞቼ የተማርነው በዚያ ነው። ባለፈው ዓመት መነጽር ላሠራላት ብዬ ይዣት ወጣሁ። ለዓይን ሄደን ደም ግፊት ይዘን ተመለስን። 180 በ110። ደግመው ለኩ፣ ያው ነው። ራስ ምታት የለባት፣ ማዞር የለባት። እንዲያውም እስከዚያ ቀን ድረስ «ደም ብዛት የሀብታም በሽታ ነው» ባይ ነበረች።

ያያት ባለሙያ መድኃኒት ጻፈላትና «እማማ፣ ጨው ይቀንሱ፣ አትክልት ይብሉ» አላት። ውጭ ያለው ሰልፍ ረጅም ነበር። ከዚህ በላይ የሚያወራበት ጊዜ አልነበረውም፣ አልፈርድበትም። እናቴ ግን ሳቋን ይዛ ቆይታ በሩ ላይ ለቀቀችው። «እኔን ነው አትክልት ብዪ የሚለኝ? ቀኑን ሙሉ አብሬው እየዋልኩ!»

መዋሉንስ አብራው ትውላለች። አትበላውም እንጂ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ገበታችንን እንደ ኦዲተር መመርመር ያዝኩ። ጥሩ ጥሩው ጎመን ይሸጣል። ወደ ቤት የሚመጣው ጠውልጎ ያደረው ነው። እሱም ይቀቀላል፣ ውኃው ይደፋል፣ ይጨመቃል፣ ከዚያ በዘይት ይቁላላና ጨው ይነሰነስበታል። እንጀራው ጥግ ላይ ሁለት ጉርሻ የምትሆን ትወጣለች። መሀሉን የያዘው ሽሮ ነው። ጾም ሲገባ «አትክልት በአትክልት ሆንን» እንላለን፣ ግን በያይነቱን አይተው ይፍረዱ። አብዛኛው ሽሮ፣ ምስርና ድንች ነው።

የጨው ነገር ደግሞ ይብሳል። እኛ ቤት በርበሬው ሲዘጋጅ ጨው ይገባበታል። የሽሮው ዱቄት ሲመጠንም ይገባበታል። ድስቱ ላይ ሦስተኛ ዙር ይጨመራል። እናቴ «ጨው ይቀንሱ» ስትባል የምትቀንሰው ይቺን ሦስተኛዋን ብቻ ነው። ገጠር ዘመዶቻችን ጋ ስትሄድ ደግሞ ቡናውም በጨው ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ አዋቂ በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው ይላል። አንድ የሻይ ማንኪያ እንኳ አይሞላም። አትክልትና ፍራፍሬ ደግሞ ቢያንስ 400 ግራም። አምስት ጊዜ እፍኝ እንደማለት ነው። ድንች ከዚህ ውስጥ አይቆጠርም። ይህን ስነግራት እናቴ በጣም ነው ያዘነችው። በ2007 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ በተደረገው የዳሰሳ ጥናት ከመቶ አዋቂ 16 ያህሉ ከፍተኛ የደም ግፊት ተገኝቶበታል። የተባለውን ያህል አትክልትና ፍራፍሬ የማይበላው ደግሞ ከመቶው ከ95 በላይ ነው። ስለዚህ የእኛ ቤት ብቻ ጉድ አይደለም።

አትክልት ግፊትን እንዴት ያወርዳል? ለእናቴ ያስረዳኋት እንዲህ ብዬ ነው። ጨው ውስጥ ያለው ሶዲየም ውኃ ይይዛል። ውኃ ሲያዝ በደም ሥር ውስጥ የሚሄደው ይበዛል፣ ቧንቧው ይጨናነቃል። («ደም ብዛት» ብለው ስም ያወጡለት ሰዎች ያን ያህል አልተሳሳቱም።) ጎመን፣ ቆስጣ፣ ቲማቲም፣ ዱባ ውስጥ ያለው ፖታሲየም ደግሞ ኩላሊት ሶዲየሙን በሽንት እንዲያስወጣ ያግዘዋል። የደም ሥሩንም ግድግዳ ያላላል። ቀይ ሥርና ቅጠላ ቅጠል ናይትሬት የሚባል ነገር አላቸው። እሱም ሰውነት ውስጥ ተለውጦ ደም ሥርን ያሰፋል። ችግሩ ፖታሲየም በውኃ የሚሟሟ መሆኑ ነው። ጎመኑን ቀቅለን ውኃውን ስንደፋ፣ ከጥቅሙ ቀላል የማይባለውን አብረን ደፋነው። በምትኩ የጨመርነው ዘይትና ጨው ነው። እንግዲህ ይሄ «አትክልት መብላት» ይባላል?

እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1997 የታተመ፣ ዳሽ በሚል ስም የሚታወቅ የአሜሪካ ጥናት አለ። ለ459 አዋቂዎች ምግባቸው ተሠርቶ ለ8 ሳምንት ተሰጣቸው። ጨዋቸው አልተቀነሰም፣ ክብደታቸውም እንዲቀንስ አልተደረገም። ግፊት የነበረባቸውና አትክልትና ፍራፍሬ በብዛት የተጨመረላቸው ሰዎች፣ የተለመደውን ምግብ ከበሉት ጋር ሲነጻጸሩ፣ የላይኛው ቁጥር በአማካይ በ7 ያህል ወረደላቸው። በዚያ ላይ ቅባት ተቀንሶ፣ ቅባቱ የወጣለት ወተት ሲታከልበት በ11 ያህል ወረደ።

ትልቅ ነገር ነው። ግን ሒሳቡን እንሥራ። እናቴን 7 ቁጥር ከ180 ወደ 173 ነው የሚያወርዳት። ይህን የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። መድኃኒቱን በጀመረች በሁለተኛው ወር ስትለካ ደህና ሆነች። «ዳንኩ» አለች። አጠገቧ የምትሸጥ ጓደኛዋ ነጭ ሽንኩርት በሎሚ አዘዘችላት፣ ክኒኑም መሳቢያ ውስጥ ቀረ። እኔ ያወቅሁት ቁጥሩ ተመልሶ ከወጣ በኋላ ነው። ምክሩ አትክልቱን ከክኒኑ ጋር ካላስተሳሰረ ሰው አንዱን በአንዱ ይተካል። ኩላሊቱን የታመመ ሰው ደግሞ ፖታሲየም ሊጎዳው ስለሚችል፣ ጎመን ከመጨመሩ በፊት ሐኪሙን መጠየቅ አለበት። ይህንንም የሚነግረው ያስፈልጋል።

አሁን ቤታችን ተለውጧል። ጎመኑ ታጥቦ ይከተፍና ድስቱ ተከድኖ በራሱ እንፋሎት ይበስላል። የሚደፋ ውኃ የለም። ለጣዕሙ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ቃሪያና ሎሚ አለ። (የጓደኛዋ ነጭ ሽንኩርት ቦታውን አገኘ።) በርበሬው ዘንድሮ ያለ ጨው ተፈጨ። የመጀመሪያው ሳምንት ለቅሶ ቤት ይመስል ነበር፣ በሦስተኛው ለመድነው። ክኒኗንም ትውጣለች። አሁን ስትለካ ከ140 በታች ናት።

እንግዲህ ልመናዬ ይሄ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎቻችሁ ቤት ለቤት ሲሄዱ ማድቤት ይግቡ። የጨው ዕቃውን ይዩ፣ በርበሬው ውስጥ ስንት ጨው እንደገባ ይጠይቁ፣ ጎመን እንዴት እንደሚሠራ አብረው ይሥሩ። 400 ግራም ሲሉ በሚዛን ሳይሆን በእፍኝ ያሳዩ። እኛ ሰፈር ያሉ ሴቶች ግራም አይሰፍሩም፣ እፍኝ ግን ከማንም በላይ ያውቃሉ።

ሁለተኛው፣ የግፊት መለኪያ ገበያ ይውጣ። ደም ግፊት አያሳምምም፣ የማያሳምም ነገር ይዞ ሰልፍ የሚጠብቅ ሰው የለም። ገበያ ግን ሁሉም ይመጣል። በሳምንት አንድ ጠዋት፣ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ነርስ። የተለካ ሰው ቁጥሩን ሰምቶ ዞር ሲል ጎመኑ እዚያው ፊቱ ነው።

የአትክልት ዋጋ የእናንተ ሥራ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ግን ከንግድና ከግብርና ሰዎች ጋር አንድ ስብሰባ ላይ ትገናኙ የለ? መራዊ አጠገብ 7,000 ሄክታር እንዲያጠጣ የተሠራው የቆጋ መስኖ ከእኛ የአንድ ሰዓት መንገድ አይሞላም። እናቴ እንደምትለው ሽንኩርትና ጥቅል ጎመን በአንድ ጊዜ ሲደርስ ገዢ አጥቶ ይበሰብሳል። ክረምት ሲገባ ደግሞ አይቀመስም። በሌላ በኩል ወደ ጎንደር መውጫ ሮቢት አካባቢ ብንሄድ፣ ከጣና ዳር በፓምፕ የሚሳበው ውኃ የሚያጠጣው በአብዛኛው ጫት ነው። ገበሬው ላይ አልፈርድም፣ የሚያዋጣውን ያውቃል። ግን ጫት ግፊት ይጨምራል፣ አትክልት ይቀንሳል። ሐይቁ ደግሞ አንድ ነው። ይህን በስብሰባው ላይ ከጤና መምሪያ በቀር ማን ያነሳዋል?

ለጠረጴዛው ቦታ ካጣችሁ እናቴ ሽንኩርቷን ሰብሰብ አድርጋ ትሰጣችኋለች። ጠይቄያታለሁ። አንድ ነገር ብቻ ትላለች፦ መጀመሪያ የምትለካው ጓደኛዋ ትሁን። ያቺ ነጭ ሽንኩርት ያዘዘችላት።

ከአክብሮት ጋር
የጉልት ነጋዴዋ ልጅ፣ ባሕር ዳር